ምሳ የዘገየበት ቀን

ይህ የሆነው እዚህ አይደለም። እዚህ ቢሆንማ ማን ደፍሮ ያወራው ነበር? የሆነው ከወንዝ ባሻገር ባለች አገር ነው። ስሟን የማያውቁ ሰዎች ማዶ ይሏታል። እኛም ማዶ እንበላት።

ማዶ የጠገበች አገር ናት። አፈሯ ጥቁር፣ ከብቷ ወፍራም፣ ሕዝቧ ከምሳ በኋላ የሚያንቀላፋ። ሕጓ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ነው፤ ልጅ እያለቀሰ እንጀራ አይቆረስም።

ይህን ሕግ ያወጣችው አገሪቱን የቆረቆረችው ንግሥት ናት ይባላል። ግብር ላይ ተቀምጣ ሳለ የሕፃን ለቅሶ ሰማች። «የማን ነው?» ብትል የሚያውቅ ጠፋ። የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ገበታው ላይ አኖረችና ልጁን ፍለጋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰው ከአደባባዩ ግንብ ላይ ይወጣል። ይህ ሰው የአገር ጆሮ ይባላል። ወደ አራቱም ማዕዘን ዞሮ ያዳምጣል። የልጅ ለቅሶ ካልሰማ ነጭ ጨርቅ ወደ ታች ይለቅቃል፤ ነጋሪት ይመታል፤ አገሩ ሁሉ ምሳውን ይበላል። ለቅሶ ከሰማ ግን ጨርቁ አይወርድም። ንጉሡም ቢሆኑ አይጎርሱም። ነጋሪት ሳይመታ የጎረሰ ሰው ገበያ መሃል አፉን ከፍቶ ይውላል። የቀረውን ቅጣት ዝንብ ትፈጽመዋለች።

ደግሞም ጆሮ ሆኖ የሚሾመው በማዶ ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው ብቻ ነው። ንግሥቲቱ፣ «ሰው የራሱን ልጅ ለቅሶ ከሩቅ ይሰማል፤ የሌላውን ከአጠገቡም አይሰማ» ብላ ነበርና።

እንዲህ ሲኖሩ ከወንዙ ወዲህ ባሉት አገሮች ዝናብ ቀረ። ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ማዶ ይሻገር ጀመር። የማዶ ሹማምንት መከሩ። አጥር አጠሩ፤ ሰው ተንጠላጥሎ ገባ። ውሻ አሰሩ፤ ውሻው ከልጆቹ ጋር ተላመደ። በመጨረሻ የበር አለቃ የነበሩት አለቃ ሸንቁጤ ተነሡ።

«ልጆቻቸውን እንለይባቸው» አሉ። «ወሬው ወዲያ ይሻገራል። የሰማ አይመጣም።»

«ጭካኔ አይሆንብንም?» አለ አንዱ።

«ሹም እንሾምላቸዋለንና!» አሉ አለቃ።

በማዶ ሹም የተሾመለት ነገር ጭካኔ አይባልም። ምክሩ ጸደቀ።

በወንዙ ዳር ሁለት በር ተሠራ፤ ትልቅ በርና ትንሽ በር። ከፊታቸው ገመድ ተወጠረ። ሳያጎነብስ ከገመዱ ሥር ያለፈ በትንሹ በር ወደ አጫጭሮች ቤት ይገባል። ገመዱ ደረቱን ወይም ግንባሩን የነካው በትልቁ በር ወደ ረጃጅሞች ግቢ ይገባል። ከመለያየታቸው በፊት የወላጅና የልጅ ጣት በአንድ የጥጥ ክር ይታሰራል። አለቃ ሸንቁጤ ክሩን በመቀስ ይቆርጡና፣ «ከዚህ ወዲያ ዝምድና የለም!» ይላሉ። ዘበኞቹ ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው የታዘዘው ጩኸቱን እንዲሸፍን ነው።

ለአጫጭሮች ቤት ሹም አልተነፈገም። አቃፊ ሹም ነበር። እንባ ጠራጊ ሹም ነበር። የእሹሩሩ ሹምም ነበር። ይህ የእሹሩሩ ሹም ቀድሞ የጦር አዋጅ ለፋፊ የነበረ ሰው ነው። ድምፁ ፈረስ ያስበረግጋል። ከእሱ የተሻለ ጉሮሮ በመንግሥት ቤት አልተገኘም።

ልጆቹ ታዲያ አለቀሱ። በመጀመሪያው ቀን ደክሟቸው እስኪተኙ ድረስ ጨርቁ አልወረደም። ሹማምንቱ ሆዳቸውን ይዘው እንደገና መከሩ። ልጆቹን መመለስ? አይሆንም። የንግሥቲቱን ሕግ መሻር? ማን ደፍሮ! አለቃ ሸንቁጤ ግን መላ አላጡም።

«ሕጉ ጆሮ ግንብ ላይ ይውጣ ይላል እንጂ ምን ለብሶ እንደሚወጣ አይናገርም» አሉ።

ከቆራረጧቸው ክሮች ጥጥ ጠቅልለው ለጆሮው ሰጡት። ጆሮውም ጥጡን ወትፎ ይወጣ ጀመር። ከዚያ በኋላ ምሳ በሰዓቱ ሆነ።

ቢያድግልኝ ወደ ማዶ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሚስቱን በመንገድ ላይ ከአንድ ግራር ሥር ቀብሯታል። የቀረችው ልጁ ማንጠግቦሽ ብቻ ናት። ማንጠግቦሽ የአባቷን የጆሮ ጫፍ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ቀንም አትለቀውም። ስለዚህ የቢያድግልኝ ግራ ጆሮ ሁልጊዜ ከቀኙ ይቀላ ነበር።

ገመዱ ዘንድ ሲደርሱ አለቃ ሸንቁጤ መቀሳቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ይህች ምንህ ናት?»

«ልጄ ናት፣ ጌታዬ።»

«ነበረች በል። አንቺ፣ ጆሮውን ልቀቂው!»

«እንቢ» አለች ማንጠግቦሽ።

«ከገመዱ ሥር ቆማ ታልፋለች?»

«አልቆመችም እኮ፤ ትከሻዬ ላይ ናት። ከእኔ ጋር ስትለካ ከእኔም ትረዝማለች።»

ዘበኞቹ ሳቁ። አለቃ አልሳቁም። «አውርዳት። ሕግ የሚለካው መሬት ላይ ነው» አሉ።

ጣቶቿን ከጆሮው ለማላቀቅ ሁለት ጎልማሳ ዘበኞች አስፈለጉ። ክሩ ታሰረ፤ ክሩ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። ቢያድግልኝ ከጭብጨባው በላይ ድምፅዋን ሰማ። ከዚያም በኋላ መስማቱን አላቆመም።

በረጃጅሞች ግቢ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል። ከግድግዳው ወዲያ የአጫጭሮች ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው። ቢሆንም አንዱ፣ «የኔዋ አሳላት» ይላል፤ ሌላዋ፣ «የእኔ ዛሬ ሳቀ» ትላለች። እማማ ሻሼ የተባሉ አሮጊት ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸውን ተነጥቀዋል። ለአዲስ ገቢ ሁሉ ምክር የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።

«ጮኸህ እንዳትጣራ» አሉት ለቢያድግልኝ። «አንጓች የምትባል ሴት፣ ክንዴ የሚባል ልጇን በስሙ ስትጣራ ዋለችና ከወንዙ ወዲያ መልሰው ሰደዷት። ለሌላው መማሪያ ትሁን ብለው። ልጁ ግን እዚሁ ቀረ።»

ጥቂት ሰነበተ። አንድ ቀን ደግሞ የድሮው ጆሮ ጥጡ ተመችቶት ግንቡ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ጨርቁ ሳይወርድ ብዙ ቆየ። ወጡ ቀዘቀዘ። ንጉሡ ተቆጡ፤ ጆሮው ተሻረ። አሁን ዘመድ የሌለው ሰው መፈለግ ግድ ሆነ። ግን ማዶ ትንሽ አገር ናት፤ ሁሉም የሁሉም አጎት ነው። አለቃ ሸንቁጤ ሲያስቡ ቆዩና ግንባራቸውን መቱ። ዘመዱ በአዋጅ የተቆረጠበት ሰው ግቢ ሙሉ አልነበራቸውም?

ወደ ረጃጅሞች ግቢ መጡ። «ከእናንተ መሃል ማዶ ውስጥ ዘመድ የሌለው ማነው? ሹመት አለው!» አሉ።

ሁሉም ወደ ግድግዳው ያያል።

ቢያድግልኝ ግን ወደ ግንቡ አየ። ከግንቡ ላይ የአጫጭሮች ቤት ግቢ ይታያል። እጁን አነሣ።

«እኔ የለኝም» አለ።

እማማ ሻሼ ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ ከንቱ! ትናንት ስሟን እየጠራህ አልነበረም እንዴ የተኛኸው? ለሹመት ብለህ ልጅህን ትክዳለህ? አባት አይባል፣ እቴ! ጉቶ!»

«እማማ፣ ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ይስደቡኝ» አላቸው። ፊቱ ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ክዷታልና።

በማግስቱ ከምሳ በፊት አደባባዩ ሞላ። የማዶ ሰው ምሳውን እዚያው ይዞ መምጣት ይወዳል። ድስቱ ተከድኗል፤ ሽታው ግን አይከደንም። ቢያድግልኝ ካባ ለበሰ፤ ነጩን ጨርቅ ተቀበለ። አለቃ ሸንቁጤ ሁለት የጥጥ ድብልብል በእጁ አኖሩለት።

«ይህ ምንድነው፣ አለቃ?»

«የሥራ ልብስህ።»

ቢያድግልኝ ጥጡን አየው። የማን ክር እንደነበር አይታወቅም። እጅጌው ውስጥ ከተተውና ወጣ።

ላይ ሲደርስ ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ወደ ምዕራብ ዞረ፤ ወደ ሰሜን ዞረ። ወደ ደቡብ ሲዞር የአጫጭሮች ቤት ከሥሩ ነበር። አደባባዩ ጸጥ አለ። ነጋሪት መቺው መምቻውን አነሣ።

«ልጅ እያለቀሰ ነው» አለ ቢያድግልኝ።

የነጋሪት መቺው ክንድ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልክ?» አሉ አለቃ ሸንቁጤ ከታች።

«ልጅ እያለቀሰ ነው፣ አልኩ!»

«ልብስህን በደንብ ለብሰሃል?»

«ሞቆኝ አወለቅሁት!»

ሰዉ አልገባውም፤ ቢሆንም ሳቀ። አለቃ ሸንቁጤ ስለ ጥጡ በአደባባይ መናገር አይችሉም። «የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«እኔ ዘመድ የለኝም፣ አለቃ። ለእኔ የሁሉም ድምፅ እኩል ነው።»

ሹማምንቱ ወደ አጫጭሮች ቤት ሮጡ። አቃፊው ሹም አቀፈ፤ ልጆቹ ተወራጩ። እንባ ጠራጊው ሹም በመንግሥት መሐረብ ጠረገ፤ መሐረቡ በአረቄ የታጠበ ነበርና ዓይናቸው ተቃጠለ። የእሹሩሩ ሹም ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እሹሩሩሩ!» ሲል የተኙትም ነቁ። እስካሁን ያላለቀሱት ሁሉ ተጨመሩ። አሁን ግንብ ላይ መውጣት አላስፈለገም፤ ከአደባባዩም ይሰማ ጀመር።

«ይህ ሁሉ ልጅ አለ እንዴ?» አለች አንዲት ሴት ድስቷን አቅፋ።

ልጆቹን አደባባይ አውጥተው አገሩ በሙሉ እንዲያባብል ታዘዘ። ያን ጊዜ የማዶ ሰው ያደረገውን ያየ አይረሳውም። ዳቦ ጋጋሪው እንደ አህያ አናፋ። ዳኛው ሌማት ራሳቸው ላይ ደፍተው አሽካኩ። ዘበኞቹ በአራት እግር ሄዱ፤ ውሾቹም ተከተሏቸው። ልጆቹ ሳቁ። ሰዉ፣ «ሳቁ! ሳቁ!» ብሎ ወደ ድስቱ ዞረ። ወዲያው መልሰው አለቀሱ። የልጅ ሳቅ እንባውን አያደርቀውም፤ ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል እንጂ።

በዚህ መሃል ንጉሡ መጡ። ሆዳቸው ከነጋሪቱ በላይ ይጮኻል።

ማንጠግቦሽ የንጉሡን ዘውድ ልታይ ቀና ስትል ከዘውዱ በላይ ግንቡን አየች፤ ግንቡ ላይ ያለውን ሰው አየች። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ያ ሰው ምንሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ ንጉሡ።

«አባዬ ነዋ!»

አደባባዩ ተንጫጫ። «ዋሽቷል!» ብለው ጮኹ አለቃ ሸንቁጤ። «ዘመድ የለኝም ብሎ ነው የተሾመው! ይሻር!»

ቢያድግልኝ ከላይ ተናገረ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ክሩን የቆረጡት አለቃ ናቸው። ከተቆረጠ እኔ ዘመድ የለኝም፤ ጆሮነቴ ትክክል ነው፤ ቃሌ ይታመን። ካልተቆረጠ ደግሞ ልጄ ናት፤ ስጡኝ። ሁለቱንም ልትከለክሉኝ አትችሉም።»

ንጉሡ አለቃ ሸንቁጤን አዩ። አለቃ ሸንቁጤ መቀሳቸውን አዩ።

«ልጅቷን ስጡት» አሉ ንጉሡ። «ምሳ እንብላ።»

ማንጠግቦሽ ደረጃውን በእጅና በእግሯ ወጣችው። ደረሰች፤ ትከሻው ላይ ሆነች፤ ግራ ጆሮውን ያዘች። ሲቃዋ አንድ፣ ሁለት አለና ቆመ።

«በል ጨርቁን ጣል!» አሉ አለቃ ሸንቁጤ።

ጨርቁ እጁ ላይ ነው። የመጣበትን አግኝቷል። ከትናንት ጀምሮ እሱም አልበላም። ከታች የሥጋ ወጥ ሽታ ይመጣል። ልጁ አቅፋው ሳለ ለቅሶው ሁሉ የራቀ መሰለው፤ ጥጥ የወተፈ ያህል። ንግሥቲቱ የፈራችው ለካ ይህን ነበር። ጣቱን ሊያላላ ትንሽ ቀረው።

«አባዬ» አለች ማንጠግቦሽ በጆሮው። «ክንዴስ? እሱ እኮ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው ማልቀስ የጀመረው።»

ቢያድግልኝ ጨርቁን ጨበጠ። «ገና ነው!» አለ። «ሌላ ልጅ ያለቅሳል።»

«አንተ ሰው፣ ልጅህን አግኝተህ የለም እንዴ?» አሉ ንጉሡ። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

«እኔ ምንም አልፈልግም፣ ንጉሥ ሆይ። ግን ጆሮ አድርጋችሁ ሾማችሁኛል።»

ንጉሡ ከሆዳቸው ይሁን ከልባቸው አይታወቅም፣ «የረጃጅሞቹን ግቢ ክፈቱ!» አሉ።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል! እናት ልጇን፣ ልጅ አባቱን እየጠራ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየወደቀ። አንዱ አባት በችኮላ የሌላ ሰው ልጅ አቅፎ ሮጠና ተሰድቦ መለሰ። በየአቅጣጫው ለቅሶው አንድ በአንድ ይጠፋ ጀመር፤ እንደሚያባራ ዝናብ። እማማ ሻሼ የልጅ ልጃቸውን አዝለው ወደ ግንቡ ቀና አሉ።

«አንተ ከንቱ! ውረድና ልሳምህ!»

«ገና ነኝ፣ እማማ!»

ገና ነበርና። መሃል አደባባይ አንድ ልጅ ብቻውን ቆሞ ያለቅሳል። ክንዴ ነው። ማንም አልመጣለትም።

«የዚህ እናት የት ናት?» አሉ ንጉሡ።

«መልሰን ሰደናታል» አሉ አለቃ ሸንቁጤ። «ለሌላው መማሪያ እንድትሆን።»

«ማን ተማረ?»

ንጉሡ ዘውዳቸውን ለክንዴ ሰጡት፤ አልፈለገውም። ከዚህ በኋላ የቀረ መንገድ አልነበረም። የማዶ ሰው ድስቱን ለውሻ እንዳይተው ለረጃጅሞቹ አደራ ሰጥቶ ወደ ወንዙ ወረደ። በገዛ ገመዱ ሥር አጎንብሶ፣ በገዛ በሩ ተጋፍቶ፣ እስከ ወገቡ ውኃ ገብቶ ተሻገረ።

ከወንዙ ወዲያ ያሉት የወንዝ ዳር ሰዎች አገር ሲመጣባቸው አይተው ደነገጡ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«አንዲት እናት!» አሉ የማዶ ሰዎች እያለከለኩ። «በየትኛው በር ነው የሚገባው?»

«እኛ በር የለንም» አሏቸው። «ፊታችሁ ነጥቷል። ቆሎ እንኳ ዝገኑ።»

«አንችልም። ቤታችን ልጅ እያለቀሰ ነው።»

አንጓች ከተሰደደች ጀምሮ ፊቷን ወደ ማዶ አድርጋ ወንዙ ዳር ነበር የምትውለው። የእሹሩሩ ሹም ከሕዝቡ ፊት ቀድሞ፣ «አንጓች! አንጓች ሆይ!» ሲል ድምፁ ሸለቆውን አናወጠው። ያ ጉሮሮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን አገኘ። አንጓች ግን ቀና ስትል ዳኛ፣ ዘበኛና ዳቦ ጋጋሪ እየሮጠ ሲመጣባት አየች። ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች።

«አትሩጪ! እባክሽ እህቴ!»

«ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«ምንም! ምሳ አልበላንም!»

ቆመች። አለቃ ሸንቁጤ ደርሰው ጉልበታቸውን ይዘው አጎነበሱ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቀቻቸው።

«ልጅሽ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅሽ... ጠራሽ።»

ወንዙን መልሰው ሲሻገሩ እሷ ከፊት ነበረች። ማንም ሊደርስባት አልቻለም።

ክንዴ ዝም ሲል ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። ቢያድግልኝ ተነሣ። ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ወደ ምዕራብ ዞረ፤ ወደ ሰሜን ዞረ፤ ወደ ደቡብ ዞረ። ብዙ ቆየ። ማንም አልተቆጣውም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ይፈልግ ነበር፤ ከግራሩ ሥር ያለችው የሚስቱ። አልተሰማም። ግን እሷም አታለቅስም።

ነጩን ጨርቅ ለቀቀው።

ነጋሪቱ ተመታ። የማዶ ሰው እንዲህ በልቶ አያውቅም። የቀዘቀዘ ወጥ ያን ያህል እንደሚጣፍጥ ማን ያውቅ ነበር? ረጅሙና አጭሩ ከአንድ ድስት፣ ንጉሡ ከክንዴ ጋር ከአንድ ትሪ። ንጉሡ በመሃል አዋጅ ጀመሩ። አፋቸው ሙሉ ስለነበረ ቃላቸው አልተለየም፤ እጃቸው ግን ወደ ትንሹ በር ይጠቁም ነበር። ጉርሻውን ሳይውጡት አናጢዎቹ በሩን ነቀሉት። ገመዱን ልጆቹ ለዝላይ ወሰዱት። አለቃ ሸንቁጤን እማማ ሻሼ አጎረሷቸው፤ ጉርሻው ትልቅ ነበርና ብዙ ጊዜ መናገር አልቻሉም።

ቢያድግልኝና ማንጠግቦሽ ድርሻቸው ወደ ላይ ተላከላቸው።

«አባዬ፣ አሁን ምን ይሰማሃል?» አለችው።

ጆሮውን ጣል አደረገ። ከግንቡ ሥር እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ማኘክ» አላት።

ከዚያ ቀን ገበታ የተረፈውን ለእናንተ ይዤ መጥቻለሁ። የሚያለቅስ ልጅ ካልሰማችሁ፣ ቅመሱ።